ውኃ እንዳይነካው

ዓለሚቱ መጀመሪያ ያስተዋለችው ፎጣውን ነው።

ቅዳሜ ለምሳ ጥብስ ልትሠራ ሥጋውን ቆራርጣ፣ አጥባ፣ ሳህን ላይ አስቀምጣ ነበር። ልጇ ደራርቱ ከጓዳ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ አነጠፈች። ሥጋውን እፍኝ እፍኝ እያደረገች ፎጣው ላይ በተነችው፤ ከላይ ሌላ ጨርቅ ጣል አደረገችበትና በመዳፏ ቀስ ብላ ተጫነችው። ልክ ገላውን የታጠበ ሕፃን እንደምታደርቅ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለቻት ዓለሚቱ።

"እያደረቅሁት ነዋ። እርጥብ ሥጋ አይጠበስም እማዬ፣ ይቀቀላል እንጂ።"

"እና እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠብስ የኖርኩት ምን ነበር?"

"ቅቅል" አለች ደራርቱ ፈገግ ብላ።

ክፋት አልነበረበትም። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ዓለሚቱን የወጋት ቃሉ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ደራርቱ ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር ልትመልስ ፈለገች፤ በጣቷ አልነካችውም። እጇን ጠምዘዝ አድርጋ በአንጓዋ ጀርባ ወደ ላይ ገፋችው። ይህ አመል በዓለሚቱ ዘር የለም፣ በለሜሳም ዘር የለም። ይህ የኤሌኒ አመል ነው።

ኤሌኒ ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ከእነሱ ሁለት አጥር አልፋ የምትኖር ሴት ናት። አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤት ምግብ ታበስላለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ጠዋት ስትወጣ ነጭ ሽርጧን አጥፋ በወረቀት ከረጢት ይዛ ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስም ሽርጡ ያው ነጭ ነው። ዓለሚቱ ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ አስባበታለች። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ውሎ እንዴት ሽርጡ አይቆሽሽም? ወይ አትሠራም፣ ወይ ሁለት ሽርጥ አላት።

ደራርቱን ወደዚያ ቤት የላከቻት ራሷ ዓለሚቱ ናት። በሌላ ነገር ሰውን ልታማርር ትችል ነበር፤ ይህን ግን በማንም ማሳበብ አልቻለችም። ልጅቷ አምና ማትሪክ ወስዳ ነጥብ አልመጣላትም፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የምትውለው። ዓለሚቱ ደግሞ ልጅ ቤት ሲውል የምታስበው ብዙ ነው። የቀበሌ ሰዎች ሥራ ፈት ብለው ስሟን ይመዘግቧታል። አንዱ ካድሬ ያያታል። ታገባለች፣ ታረግዛለች፣ በወሊድ ትሞታለች። ይህን ሁሉ ዓለሚቱ ሽንኩርት እየላጠች በአንድ ጊዜ ነው የምታስበው፤ ከሽንኩርቱ ሳይሆን ከሐሳቡ ታለቅሳለች። ስለዚህ መጋቢት ላይ ኤሌኒ "ማታ ማታና ቅዳሜ መጥታ ትርዳኝ፣ ሙያም ትማር" ስትላት እፎይ ብላ ነበር የላከቻት።

አሁን ሐምሌ ነው። ልጅቷ ከኤሌኒ ቤት ስትመለስ ሌላ ሰው ትሸታለች፤ ቅቤ፣ ስሙ የማይታወቅ ቅጠል፣ የኤሌኒ ሳሙና። ራት ላይ ከአፏ የሚወጣው ሁሉ "እትዬ ኤሌኒ እንዲህ ይላሉ" ነው። ዓለሚቱ አንድ ማታ ቆጥራ ነበር፤ ዘጠኝ ጊዜ። እማዬ የምትለው ጨው አቀብይኝ ስትል ብቻ ነበር።

"ሙያ ትማር፣ ምን አለበት?" ይላል ለሜሳ። ባሏ በአንድ ፋብሪካ የማሽን ሠራተኛ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ሲሆን ራቱን በልቶ ነው የሚወጣው፣ ነገር ማርዘም አይወድም።

"እኔ ሙያ የለኝም?"

"አላልኩም።"

"ልታስብ ግን ትችላለህ።"

ለሜሳ ኮቱን ያነሳና ይወጣል።

*

ኤሌኒ ሐሙስ ከሥራ መልስ መጣች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ዓለሚቱ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ እግሯን አየች። መንገዱ በሙሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ የኤሌኒ ጫማ ላይ ያለው ከአንድ ማንኪያ አይበልጥም።

"ዓለምዬ፣ ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት" አለች ተቀምጣ።

"ምን ችግር አለው" አለች ዓለሚቱ።

"አንድ አብረውኝ የሠሩ ሰው አሉ፣ አቶ ቸኮል የሚባሉ። አሁን አሰብ የመንግሥት ሆቴል ውስጥ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ለስብሰባ መጥተው እዚህ ሰንብተዋል። ስለ ደራርቱ ስነግራቸው እጇን ልይ አሉ።"

"እጇ ምን ሆነ?"

"ስታበስል ልያት ማለታቸው ነው። ከወደዷት ለሥልጠና ይወስዷታል። ደመወዝ አለው፣ ማደሪያ አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለሙያ ሆና ትወጣለች።"

"አሰብ?"

"አዎ፣ አሰብ።"

ዓለሚቱ ነጠላዋን አስተካከለች። አስተካክላ እስክትጨርስ ልጇን ሦስት ጊዜ ቀበረቻት። አንዴ በረሃው ላይ በተገለበጠ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዴ በወባ፣ አንዴ በባሕር። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ሰው የሚገባበትና የማይወጣበት ነገር መሆኑን ግን ታውቃለች። መርከበኞቹን ገና አላሰበቻቸውም፤ እነሱን ለማታ አቆየቻቸው።

"የሚበስለውም ተገኝቷል" አለች ኤሌኒ። "ፈረንጁ ለእረፍት አገሩ ሊገባ ነው፤ ፍሪዙን ባዶ አድርጊው ብሎኛል። ሚስትየው በአውሮፕላን ያስመጣችው ስካሎፕ የሚሉት አለ። ባሕር ውስጥ ከሚኖር ዛጎል የሚወጣ ሥጋ ነው። ክብ ነው፣ ነጭ፣ ይህን ያህል" ብላ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገናኝታ አሳየቻት። "አሰብ የሚያርፉት የመርከብ ሰዎች እሱን ሲያገኙ ሌላ አይጠይቁም።"

"ቀንድ አውጣ ነው?"

"የአጎቱ ልጅ ነው።"

ደራርቱ ከጓዳ በር ላይ ሆና ሳቀች። ዓለሚቱ ልጇ እዚያ መቆሟን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

"ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነዋ" አለች ዓለሚቱ። "አይበላም።"

"እኔም በልቼው አላውቅም" አለች ኤሌኒ። "አሥራ አንድ ዓመት ሳበስለው አንድ ቀን ምላሴ ላይ አላረፈም። በዓይኔና በጆሮዬ ነው የማበስለው። መጥበሻው ላይ ሳስቀምጠው ድምፁን እሰማለሁ፣ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን አገላብጠዋለሁ፣ አወጣዋለሁ። አለቀ። የሚበሉት እነሱ፣ ደግ አደረግሽ የምባለው እኔ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቡታጋዝሽን ነው የምለምንሽ። የእኔ ሲሊንደር አልቋል፣ ወረፋው ደግሞ ገና ነው። ሰውየውም የቤተሰብ ልጅ መሆኗን አይተው ይሂዱ።"

ዓለሚቱ አይሆንም የሚለውን ቃል አዘጋጅታ ነበር። ደራርቱን አየቻት። ልጅቷ በሩን ተደግፋ በጭንቀት ትመለከታለች። የምትመለከተው ግን እናቷን አልነበረም። ፈቃጇ እናቷ ሆና ሳለ ዓይኗ የተተከለው ኤሌኒ ላይ ነው።

"እሑድ ይሁን" አለ ለሜሳ ካልጋው ጫፍ፤ ካልሲውን እያጠለቀ።

ኤሌኒ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። "እሑድ ጠዋት አመጣዋለሁ። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ውኃ ብቻ እንዳይነካው፣ ዓለምዬ። ውኃ ከነካው እሳት አይቀበልም።"

*

እሑድ ጠዋት የቀበሌው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ነበር። የወጣቱ ስም ስለሚጠራ ደራርቱ አካፋዋን ይዛ በአንድ ሰዓት ወደ ላፍቶ ወረደች። ለሜሳ ከሌሊት ተራ ገብቶ ተኝቷል። ኤሌኒ በሁለት ሰዓት መጥታ በጨርቅ የተሸፈነ ትሪና ከባድ የብረት መጥበሻዋን አስቀምጣ፣ እንግዳውን ካረፉበት ልታመጣ ሄደች።

ዓለሚቱ ብቻዋን ቀረች።

ጨርቁን ገለጥ አደረገች። አሥራ አንድ ናቸው። በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዱ ካንዱ አይነካካም። በረዷቸው ቀልጦ ብርሃን የሚያሳልፉ ይመስላሉ፤ እንደ ጥሬ የእንቁላል ነጭ። አሸተተቻቸው። አልሸተቱም ማለት ይቻላል፤ ይህም አላስደሰታትም። የማይሸት ሥጋ አይታ አታውቅም።

እንደዚሁ ሊበሉ ነው። ሳይታጠቡ። ዓለሚቱ ያደገችበት ቤት ዶሮ የሚያጥቡት ውኃው ጠርቶ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ነው፤ በጨው፣ በሎሚ፣ እንደገና በጨው። ዶሮዋን በሦስት ውኃ ያወጣች ሙሽራ ስሟ ለዓመት ይነሳ ነበር። ታዲያ ስንት ቀን መርከብ ላይ እንደከረመ፣ ማን እንደነካው የማይታወቅ የባሕር ነገር በእሷ ቤት ሳይታጠብ ለእንግዳ ሊቀርብ? ሰውየው ቢታመሙስ? ሆቴሉ የመንግሥት ነው፤ ሰውየውም የመንግሥት ሰው ናቸው ማለት ነው። የመንግሥት ሰው ማን ቤት በልቶ ታመመ ይባላል? ለሜሳ በየትኛው እስር ቤት እንደሚሆን ሁሉ መገመት ጀመረች።

ይህን ሁሉ ያሰበችው እውነት ነው። ሎሚውን ስትቆርጥ ግን በጆሮዋ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ውኃ ከነካው እሳት አይቀበልም፤ ኤሌኒ ያለችው ቃል፣ በኤሌኒ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ይሰማት ነበር። ቢላዋው አልቆመም።

በአራት ውኃ አጠበችው። በጨው አሸችው፤ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ሁለተኛውን ሎሚ ስትጨምቅ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ሞላችበትና ተወችው። ተቀመጠች። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። ልጇ እዚሁ ትቀራለች። ሌላ ሥራ ይገኛል፤ ጽሕፈት ቤት፣ ሕብረት ሱቅ፣ ምንም ይሁን። ማታ ማታ ራት ላይ ትቀመጣለች።

ስትነሳ አየችው። ሥጋው መልኩን ለውጧል። ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ነገር ድፍን ነጭ ሆኗል፤ እሳት ሳያይ እንደበሰለ እንቁላል። ዓለሚቱ የምታውቀው ሥጋ ሎሚ ሲነካው እንዲህ አይሆንም። ነፍስ ያለው ነገር በእጇ የሞተባት ያህል ደነገጠች። ውኃውን ደፋች። ቤት ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አወጣች፤ ፎጣ፣ መሐረብ፣ የለሜሳን ንጹሕ ካናቴራ፤ አንድ በአንድ አደራረቀቻቸውና በሁለት ረድፍ መልሳ ደረደረቻቸው። የሎሚውን ልጣጭ ከአጥሩ ማዶ ወረወረችው። እጇን በሳሙና ታጠበች። አሸተተችው። ሎሚ ነው።

ደራርቱ በአምስት ሰዓት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ወደ ማድ ቤቱ ገባችና ጨርቁን ገለጠችው።

እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቆመ። አንዱን አነሳችና በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። ጠብታ ውኃ ወጥቶ በአንጓዋ ላይ ወረደ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ዓለሚቱ ማንም ያላዘዘውን ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

"እማዬ" አለች ደራርቱ።

"እ።"

ልጅቷ የያዘችውን ትሪው ላይ መለሰች። ዓለሚቱ ከጠዋት ጀምራ መልሷን አሰናድታለች፤ ንጽሕና፣ እንግዳ፣ በሽታ፣ አባትሽ። ብትጮኽባት መልስ ነበራት። ብታለቅስም ነበራት።

"ፎጣ ስጪኝ" አለች ደራርቱ።

*

አቶ ቸኮል አጭር ሰው ናቸው። ሁለቱም እጃቸው ላይ አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ራሳቸው ላይ ፀጉር አልቀረም። ጫማቸውን በር ላይ እየጠረጉ "ይህን ጭቃ አሰብ ብናገኘው በኪሎ እንሸጠው ነበር" አሉ። ለሜሳ ኮቱን ለብሶ ወንበር አቀረበላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

"ለመብላት አልመጣሁም፣ ለማየት ነው። ወጥ ቤቱ የት ነው?"

ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አቶ ቸኮልና ኤሌኒ ውስጥ ገቡ፤ ዓለሚቱ ጥግ ላይ፣ ለሜሳ በሩ ላይ ቆመ። ደራርቱ ቡታጋዙን ለኮሰች። መጥበሻውን ጣደች፤ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ ቅቤ ጨምራ፣ ስድስቱን አንድ በአንድ በክብ አስቀመጠቻቸው።

ኤሌኒ ራሷን ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች። እየሰማች ነው። ዓለሚቱ መጥበሻውን አላየችም፤ የኤሌኒን ፊት ነው ያየችው።

መጀመሪያ ችስስ አለ። ከዚያ ድምፁ ላላ። ከሥጋው ሥር ውኃ ወጣ፤ ቅቤው አረፋ ደፈቀ፤ መጥበሻው እንደ ሾርባ መንተክተክ ጀመረ። ስድስቱም ውኃው ውስጥ ሆነው ግራጫ መሰሉ፣ ተኮማተሩ።

ኤሌኒ ዓይኗን ገለጠች። ወደ ዓለሚቱ ዞር አለችና መልሳ ፊቷን አዞረች። እይታዋ ሦስት እስኪቆጠር እንኳ አልቆየም፤ ሁሉንም ግን አይታለች።

"ይሄ ውኃ ጠጥቷል" አሉ አቶ ቸኮል። "ማን አጠበው?"

ደራርቱ አፏን ከፈተች። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ግን ኤሌኒ ቀደመቻት።

"እኔ ነኝ። ከፍሪዙ ሳወጣው በረዶው ቶሎ ይልቀቅ ብዬ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። የእኔ ጥፋት ነው፣ አቶ ቸኮል።"

"አንቺ? ውኃ ውስጥ?"

"አርጅቻለሁ መሰለኝ።"

ደራርቱ ቀና ብላ ኤሌኒን አየቻት። ዓለሚቱ ያንን አስተያየት አወቀችው። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ሳለ ከጉድጓድ ውስጥ ስታወጣት እንዲህ ነበር ያየቻት፤ ያን ቀን እናት መሆን ምን እንደሆነ የገባት ይመስላት ነበር። አሁን ያ አስተያየት አጠገቧ ለቆመች ሌላ ሴት ተሰጠ። በምን? በውሸት። ያውም ባማረ ውሸት፤ ነጭ፣ ቆሻሻ የማይይዘው፣ እንደ ሽርጧ።

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም አይጠይቃትም፣ ልጇም አትሄድም። የፈለገችው ይህን አልነበር? ነገር ግን ይህች ሴት ልጇን በሙያ ወስዳባታለች፤ አሁን ደግሞ የዓለሚቱን የገዛ ጥፋት ወስዳ ልትመሰገንበት ነው።

"ውሸቷን ነው" አለች ዓለሚቱ። "እኔ ነኝ። በአራት ውኃ አጠብኩት። በጨውና በሎሚ።"

አቶ ቸኮል ወደ እሷ ዞሩ። "ውኃ እንዳይነካው አልተነገረዎትም ነበር?"

"ተነግሮኛል።"

"ታዲያ?"

"እንዳይወስዷት ነዋ።"

"ዓለሚቱ" አለ ለሜሳ በሩ ላይ ሆኖ፤ ስሟን ብቻ።

ከዚህ በኋላ የተንቀሳቀሰችው ደራርቱ ብቻ ናት። እሷ ለማንም ዞር አላለችም። ስድስቱን አውጥታ ወደ ጎን አደረገች፤ ውኃውን ደፋች፤ መጥበሻውን ጠርጋ እንደገና ጣደችው፣ ባዶውን። የቀሩትን አምስቱን በደረቅ ፎጣ ጠቀለለቻቸውና በሁለት መዳፏ ተጫነቻቸው። ፎጣውን ቀየረች። እንደገና ተጫነቻቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷና ከፎጣው በቀር ማንም ያለ አይመስላትም ነበር።

"ጨው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ቅርብ የነበረችው ዓለሚቱ ናት። አቀበለቻት።

ዘይት ጨመረች። ጠበቀች። ከመጥበሻው ቀጭን ጭስ መነሳት ጀመረ።

"አሁን" አለች ኤሌኒ።

"ገና" አለች ደራርቱ።

ኤሌኒ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ዓለሚቱ ይህን ለማየት ሁለት የበዓል ዶሮ ትሰጥ ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አልጣፈጣትም።

ከዚያ ደራርቱ አስቀመጠቻቸው። አሁን ድምፁ አልላላም። ሳይቋረጥ፣ ደረቅ ሆኖ ቀጠለ፤ አምስቱም ሰው ያን ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየ። ልጅቷ አልነካካቻቸውም፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ጠበቀች። ከዚያ በቢላዋ ጫፍ አገላበጠቻቸው። አንደኛው ተቀደደ። አራቱ ግን ጀርባቸው በጥንቃቄ እንደተቆላ ቡና ቡናማ ሆኖ ወጣ። ቅቤ ጣል አደረገችባቸውና አራቱን በነጭ ሳህን አቀረበች።

አቶ ቸኮል አንዱን ቆርሰው በሉ። ሌላ አነሱና ሙሉውን በሉ።

"እርስዎ ይበሉታል?" አለ ለሜሳ ሳያስበው።

"ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። እንጀራህ ከሆነ ምን ታደርጋለህ ብለውኛል።" አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ሎሚው ይሰማል። ትንሽም ቆርፍዷል። እሳቱን ግን አግኝታዋለች።" ወደ ዓለሚቱ ዞሩ። "እሜቴ፣ እኔ ወጥ ቤት አንድ ነገር የሚያበላሽብኝ ሰው በቀን በቀን አላጣም። የሚያስተካክል ነው ያጣሁት። ይህች ልጅ ስታስተካክል እጇ አልተንቀጠቀጠም።"

ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"መኪናችን ረቡዕ ሳምንት ይመለሳል። ወላጅ መፈረም አለበት። አቶ ለሜሳ ቢፈርሙም ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን የእናትየውን ፊርማ ነው የምፈልገው። ሎሚውን የጨመቁት እሳቸው ናቸው።"

ለሜሳ ሳቀ፤ ሲስቅም አሳለና ወጣ። አቶ ቸኮል ተከተሉት።

ሳህኑ ላይ ሁለት ቀርተዋል።

ደራርቱ ሳህኑን አነሳችው። ዓለሚቱ ይህን ታውቀዋለች፤ አሁን ጉርሻ ነው። ለማን? ላስተማረቻትና ስለ እሷ ለዋሸችላት ሴት ነው? ወይስ ለወለደቻትና ለሸፈጠችባት? ዓለሚቱ መልሱን ታውቅ ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ልታዞር ቃጣት። ኤሌኒም ሽርጧን እያስተካከለች ትጠብቃለች። አትበላውም፤ መጠየቁን ግን ትጠብቃለች።

ደራርቱ አንዱን በጣቷ አነሳችና ራሷ በላችው።

ቆማ በላችው። ዓይኗን ጨፍና በቀስታ አላመጠች፤ ግንባሯ ተቋጠረ፣ ተፈታ፤ አንድ ነገር እንደምታስታውስ ሰው። እናቷንም አስተማሪዋንም ፈጽማ ረስታቸዋለች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ሳህኑን አስቀመጠችና እንግዳውን ልትሸኝ ወጣች።

ዓለሚቱ ኤሌኒን አየቻት። የኤሌኒ ፊት ጠበብ ብሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አሥራ አንድ ዓመት በጆሮዋ ስታበስል የኖረችውን ነገር የአራት ወር ተማሪዋ ቀምሳው ሄደች። ዓለሚቱ ይህን ፊት ከየት እንደምታውቀው ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም። ከመጋቢት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከራሷ መስታወት ውስጥ ሲያያት የነበረው ፊት ነው።

ልታዝንላት ይገባ ነበር። ትንሽም አዘነችላት። ከማዘኑ በፊት ግን እጇ ወደ ሳህኑ ሄደ። ክንፍ የለውም፣ ቅርፊት የለውም፤ አንቆ ሊገድላት ይችላል፤ ሌሊት ሆዷን ሊቆርጣት፣ ሰማይ ላይም ሊጻፍባት ይችላል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ልጇ የቀመሰችውን ቀምሳ፣ ኤሌኒ ያልቀመሰችውን ቀምሳ መኖር ግን ትችላለች። ሐሳቧን ሳትለውጥ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ኤሌኒ ስታላምጥ አየቻት። እስክትውጥ ጠበቀች።

"ምን ይላል?" አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር።

ዓለሚቱ ኤሌኒ የማታውቀውን ነገር ስታውቅ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቶሎ ልትጨርሰው አልፈለገችም። ጣቷን በሽርጧ ጠረገች፤ ሽርጧ ላይ የቅቤ፣ የጭቃ፣ የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ምልክት አለበት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ሎሚ ሎሚ ይላል" አለች።

"ከሎሚው ሌላስ?"

"ልጄን ጠይቂያት" አለች ዓለሚቱ። "እስከ ረቡዕ ሳምንት እዚሁ ናት።"